ካባውን ገንዳ ልታደርጉት? ተው!

በዚህ ዓምድ የፍቅርና የትዳር ነገር እንጂ የድንጋይ ነገር አንስቼ አላውቅም። ዛሬ ግን ባለፈው ሳምንት ቢሮዬ ድረስ የመጣ አንድ ወጣት አስገደደኝ።

ዕድሜው ቢበዛ ሃያ ሁለት ነው። ሰፈራቸው ውስጥ ድንጋዩ ወጥቶ ያለቀ፣ ባለቤቱ ጥሎት የሄደ ካባ አለ። ክረምት ላይ ውሃ ይሞላል። የሰፈሩ ወጣቶች ተደራጅተው መዝናኛ ሊያደርጉት አስበዋል፤ ውሃው መዋኛ፣ ዳሩ ሻይ ቤት፣ መግቢያው በትኬት። "ጋሼ፣ እጮኛዬ ግን ገንዘብህን እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ከከተትክ አላገባህም አለችኝ። እርስዎ ምን ይላሉ?"

"ልጅቷ ልክ ናት" አልኩት ሳላስጨርሰው። ለምን እንደቸኮልኩ ልንገራችሁ።

እኛም በልጅነታችን ካባ ነበረን። ከትምህርት ቤት እየፎረፍን እንሄድ ነበር። አንድ መስከረም ላይ የክፍል ጓደኛችን ዘሎ ገባ፤ አልወጣም። ጎበዝ ዋናተኛ ነበር እኮ! ካባ ግን ወንዝ አይደለም። ከዳሩ ጀምሮ ጥልቅ ነው፤ ግድግዳው ቀጥ ያለ ስለሆነ መያዣ የለውም፤ ውሃው ከላይ ሞቆ ከታች በረዶ ነው፤ ከሥር የተቆለለውን ድንጋይ ማንም አያየውም። ልብሱን ይዘን እናቱ ቤት የሄድነው እኔና አንድ ሌላ ልጅ ነን። ያን በር ዛሬም በወዲያኛው ጥግ ነው የማልፈው።

ልጁ አንገቱን ደፋ። "ታዲያ ጉድጓዱ እንዲሁ ይቅር?"

አይቅር እንጂ! ሞምባሳ ሄጄ ያየሁትን አወጋሁት። ከከተማዋ በስተሰሜን ባምቡሪ የሚባል ቦታ አለ። የሲሚንቶ ፋብሪካ ከ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የኮራል ድንጋይ ቆፍሮ ያወጣበት መሬት አፈር የሚባል ነገር አልቀረውም ነበር፤ ድንጋይ፣ ጨዋማ ውሃና የሚያቃጥል ፀሐይ ብቻ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሬኔ ሃለር የሚባል ስዊዘርላንዳዊ የእርሻ ባለሙያ ድንጋዩን እያስቦረቦረ 26 ዓይነት ዛፍ ተከለ። ስንቱ የተረፈ ይመስላችኋል? ሦስቱ! አንዱ ኮኮናት፣ አንዱ የሶማሊያ ምድር ዛፍ፣ ሦስተኛው ደግሞ እኛም ግቢ ውስጥ ነፋስ ሲመጣ የሚያንሾካሹከው ሸውሸዌ።

ሸውሸዌው አደገ፤ የረገፈው ቅጠሉ ግን አልበሰብስ አለ። ካልበሰበሰ አፈር የለም። ያዳናቸው ማን መሰላችሁ? ሲነኩት የሚጠቀለለው ባለብዙ እግሩ ትል! አምጥተው ለቀቁት፤ ቅጠሉን እየበላ አፈር አደረገላቸው። ከዚያ ሣሩ፣ የዓሣ ኩሬው፣ ጉማሬው፣ ቀጭኔው ተከተለ። ለሕዝብ የተከፈተው በ1984 ነው። በ2004 መጨረሻ በሱናሚው ሰሞን ብቻውን የቀረው የጉማሬ ግልገል ከሽማግሌው ኤሊ ጋር የተወዳጀውም እዚሁ ነው፤ ፎቶውን ሳታዩት አትቀሩም።

"ከአሥር ዓመት በላይ? እጮኛዬ አትጠብቀኝም!" ብሎ ሳቀ።

እኔ ያልኩት ግን ቅደም ተከተሉን ነው። መጀመሪያ ዳሩን አጥሩ፤ ሕፃን እንዳይገባ። ቀጥሎ ውሃው የሚወጣበት ቦይ። ቀጥ ያለው ግድግዳ በእርከን በእርከን መቆረጥ አለበት፤ ይኼ ደግሞ በዶማ የሚሆን ሥራ አይደለም፣ ባለሙያና ማሽን ይፈልጋል። ወረዳው ይጠየቅ፤ ድንጋዩን ሸጦ የሄደውም ይጠየቅ! ካባው ሲከፈት ተገፍቶ የተከመረ የላይ አፈር ካለ ወርቅ ነውና እንዳይሸጥ። ከዚያ በኋላ ችግኝ፣ የኳስ ሜዳ፣ የእግር መንገድ... የሠርግ ፎቶ መነሻም ይሆናል (ይቺን ለልጅቷ ንገራት ብዬዋለሁ)። ዋና ግን የለም።

ማክሰኞ ደወለልኝ። ጓደኞቹ አጥሩን ተቀብለዋል፤ በዋናው ላይ ግን ገና እየተጨቃጨቁ ነው። እጮኛው ቅዳሜ ካባው ድረስ ይዛኝ ልትሄድና እንዳናግራቸው ቀጥራኛለች። ክረምቱ ሊገባ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል።