የዩካ ቅጠል ነጠብጣብ፦ ተረቱና እውነታው

ዩካ በአዲስ አበባ ግቢዎች፣ በመንገድ ዳርቻዎችና በጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች መካከል ለጌጥ ከሚተከሉ ዕፅዋት አንዱ ነው። ረጃጅምና ሹል ቅጠሎቹ ከግንዱ ጫፍ ላይ ዙሪያውን ተደርድረው ስለሚወጡ ብዙ ሰው ከቃጫ ጋር ያመሳስለዋል፤ ሁለቱ በእርግጥም የአንድ ቤተሰብ ዕፅዋት ናቸው። የዩካ የትውልድ ስፍራ ሰሜንና ማዕከላዊ አሜሪካ ነው። የእርሻ ማሳ ወደ ኮንዶሚኒየም መንደርነት በተለወጠበት፣ በአቃቂ ቃሊቲ አካባቢ ባለው በኮዬ ፈጬ፣ አፈሩም ክረምቱም ለዚህ እንግዳ ተክል ከባድ በመሆናቸው፣ በቅጠሉ ላይ ስለሚወጣው ቡናማ ነጠብጣብ የሚባለውን ከእውነታው መለየት ተክሉንም ተካዩንም ይጠቅማል።

በሰፊው የሚታመነው፣ ዩካ የበረሃ ተክል ስለሆነ በሽታ አይደፍረውም የሚለው ነው። ብዙዎቹ የዩካ ዝርያዎች በደረቅ ምድር እንደሚበቅሉ አይካድም፤ ሆኖም ድርቅን መቋቋም ውኃን የመቆጠብ ችሎታ እንጂ ከፈንገስ የሚከላከል ጋሻ አይደለም። ፈንገስ ከዕፅዋት በተለየ ምግቡን ከሌሎች ሕያዋን ወይም ከሞቱ አካላት የሚያገኝ ፍጥረት ሲሆን፣ የሚራባው ስፖር በሚባሉ፣ በዓይን በማይታዩ ጥቃቅን ዘሮች ነው። በዩካ ላይ ኮኒዮቲሪየምና ሰርኮስፖራን የመሳሰሉ ፈንገሶች ነጠብጣብ ያስከትላሉ። ስፖሩ ቅጠል ላይ ቢያርፍም እርጥበት ካላገኘ አይበቅልም፤ ቅጠሉ ለሰዓታት እርጥብ ሆኖ ሲቆይ ግን በቅሎ ወደ ውስጥ ይዘልቃል፣ በዙሪያው ያሉትንም ሕዋሳት ይገድላል። ምልክቱ አብዛኛውን ጊዜ በታችኞቹና በአሮጌዎቹ ቅጠሎች ላይ በትንሽ ፈዛዛ ነጥብ ይጀምራል፤ ነጥቡ ወደ ቢጫ፣ ከዚያም ጠቆር ያለ ጠርዝ ወዳለው ቡናማ ክብ ይለወጣል። በክቡ መካከል ብዙ ጊዜ የሚታዩት ጥቃቅን ጥቁር ነጥቦች አዳዲስ ስፖሮች የሚፈጠሩባቸው አካላት ናቸው፤ የዝናብ ጠብታ እነዚህን ሲመታ ስፖሮቹ ከፍንጥቅጣቂው ጋር ወደ ጎረቤት ቅጠል ይሻገራሉ። አዲስ አበባና ዙሪያዋ የዓመቱን አብዛኛውን ዝናብ የሚያገኙት ከሰኔ እስከ መስከረም በመሆኑ፣ በበጋ ያልታየው በሽታ በክረምት ቢጎላ አያስገርምም።

ነጠብጣቡን የውኃ ጥም ምልክት አድርጎ መውሰድ በሽታ አይደፍረውም ከሚለው እምነት የባሰ ጉዳት ያመጣል፤ ምክንያቱም መፍትሔ ተብሎ በጎማ ከላይ የሚረጨው ውኃ ፈንገሱ የሚፈልገውን እርጥበት በእጅ ያቀብለዋል። የፀሐይ ቃጠሎ ፀሐይ በመታው ጎን ብቻ ሰፋ ያለ የነጣ ወይም የደረቀ ቦታ ይተዋል፤ የታችኛው ቅጠል እርጅናም ሙሉውን ቅጠል አንድ ወጥ ቢጫ ያደርገዋል፤ የፈንገሱ ምልክት ግን ጠርዙ ተለይቶ የሚታወቅ፣ ከቀን ወደ ቀን የሚሰፋና የሚበዛ ክብ ነው። ስለዚህ ዩካ ውኃ የሚሻ ከሆነ ከሥሩ፣ በጠዋት፣ ያውም የላይኛው አፈር ከደረቀ በኋላ መጠጣት ይኖርበታል።

አንዳንዶች ደግሞ ነጠብጣቡ በአካባቢው ካለ የስንዴ ማሳ በነፋስ የመጣ ዋግ ነው ይላሉ። ግምቱ ከገበሬው የቆየ ስጋት የመነጨ በመሆኑ የሚናቅ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ የኢትዮጵያን ስንዴ ክፉኛ መጉዳቱ የሚታወስ ነው። ይሁን እንጂ የዋግ ፈንገሶች የሚያጠቁትን ተክል አጥብቀው ይመርጣሉ። የስንዴ ግንድ ዋግ ከስንዴና ከዘመዶቹ ውጭ የሕይወት ዑደቱን የሚያሟላው ባርቤሪ በሚባል እሾሃማ ቁጥቋጦ ላይ እንጂ በዩካ ላይ አይደለም፤ በዩካ ላይ የተነሣ ነጠብጣብም የጎረቤትን ስንዴ አያሰጋም።

በሽታው ወደ አዲስ ግቢ የሚገባበትን ዋና በር ለመረዳት የተክሉን አረባብ ማየት ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1872 ጆርጅ ኤንግልማንና ቻርልስ ራይሊ የተባሉ ተመራማሪዎች እንደገለጡት፣ ዩካ በትውልድ አገሩ ዘር የሚያፈራው በአንዲት ትንሽ ነጭ የሌሊት የእሳት ራት አማካይነት ነው፤ እንስቷ የአበባውን ዱቄት ሰብስባ ወደ አበባው እንስት ክፍል ታስገባለች፣ እንቁላሏንም እዚያው ትጥላለች፣ እጮቿም ከዘሩ ጥቂቱን እየበሉ ያድጋሉ። ይህች የእሳት ራት በኢትዮጵያ ስለሌለች ዩካ እዚህ ነጭ አበባ ቢሰጥም ፍሬ እምብዛም አይቋጥርም፤ ስለሆነም የሚባዛው በግንድ ቁራጭና ከሥሩ በሚፈልቁ ቡቃያዎች ነው። ከችግኝ ጣቢያ ወይም ከጎረቤት የሚመጣው ቁራጭ ቅጠሉን ይዞ ከመጣ፣ በቅጠሉ ላይ ያለውንም ይዞ ይመጣል። ጤነኛ የሚመስል ቁራጭ ሁሉ ንጹሕ ነው የሚለው እምነት ከሁሉ ይልቅ ሊታረም የሚገባው ነው፤ ነጠብጣብ ያላቸውን ቅጠሎች ከመትከል በፊት ማስወገድና አዲሱን ተክል ለጥቂት ሳምንታት ከነባሮቹ ለይቶ ማቆየት ወጪ የማይጠይቅ መከላከያ ነው።

መድኃኒት ከተረጨ ነጠብጣቡ ይጠፋል የሚለውም ስሕተት ነው፤ የሞተ የቅጠል ሕዋስ ዳግም አይለመልምም። የቦርዶ ዩኒቨርሲቲው ፒየር ማሪ አሌክሲስ ሚያርዴ እ.ኤ.አ. በ1885 ያስተዋወቀው የመዳብ ሰልፌትና የኖራ ውሕድም ሆነ በአገራችን ገበሬዎች ዘንድ የታወቀው ማንኮዜብ የሚሠሩት በጤነኛው ቅጠል ገጽ ላይ ሆነው ስፖሩ እንዳይበቅል በመከልከል ነው፤ ወደ ውስጥ የገባውን አያወጡም። ከዚህም በላይ የአውሮፓ ኅብረት ማንኮዜብ በጽንስና በሆርሞን ላይ በሚያደርሰው ጉዳት የተነሣ ፈቃዱን እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ላለማደስ መወሰኑ፣ ሕፃናት በሚጫወቱበት የኮንዶሚኒየም ግቢና በረንዳ ላይ ለጌጥ ተክል ሲባል እሱን መርጨት ተገቢ እንዳልሆነ ያስረዳል። በሃይላንድ ጠርሙስ እየተቀዳ ያለ መለያ ጽሑፍ የሚሸጥ ኬሚካልማ ለማንኛውም ዓላማ ወደ ቤት መግባት የለበትም፤ በአገሪቱ የፀረ-ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር በአዋጅ ቁጥር 674/2002 መደንገጉም መታወቅ አለበት።

የተሻለው ሕክምና መግረዝ ነው። በጣም የተጎዱት የታችኞቹ ቅጠሎች በደረቅ ቀን ከሥራቸው ይቆረጣሉ፤ የተቆረጡትና የረገፉትም ተክሉ ሥር ሳይተዉ ይወገዳሉ። መቀሱን ከአንድ ተክል ወደ ሌላው ሲያልፉ በአልኮል መጥረግ ወይም አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውኃ በተበጠበጠበት መንከር ያስፈልጋል፤ በረኪና ብረት ስለሚያዝግ መቀሱ በኋላ መታጠብ ይኖርበታል። ቅጠሉን ሁሉ መላጨት ግን ተክሉን ምግብ ከሚሠራበት አካል ስለሚነጥለው አይመከርም።

የቀረው የአፈሩ ጉዳይ ነው። የአቃቂ አካባቢ መረሬ፣ ማለትም ሲረጥብ የሚያብጥ ሲደርቅም የሚሰነጣጠቅ ጥቁር ሸክላ አፈር፣ በክረምት ውኃን አቁሮ ይይዛል። ይህ በራሱ የቅጠል ነጠብጣብ ባያመጣም ሥሩን አበስብሶ ተክሉን ያዳክማል፤ የተዳከመ ተክል ደግሞ የተበላውን ቅጠል ፈጥኖ በአዲስ አይተካም። በሰሜን ሸዋ በእነዋሪ ገበሬዎች በእንዲህ ያለ አፈር ላይ ሰፋፊ መደብ በእጅ እያነሡ፣ በመካከሉ ቦይ እየቀደዱ ውኃውን ሲያሸሹ ኖረዋል። ዩካም በተመሳሳይ መንገድ ጠጠርና አሸዋ በተቀላቀለበት ከፍ ያለ መደብ ላይ፣ ነፋስ በመካከላቸው እንዲያልፍ ተራርቆ ቢተከል፣ ቅጠሉ ከዝናብ በኋላ ቶሎ ይደርቃል። ክረምቱ ሲያበቃ መመልከት የሚገባው የታችኞቹን አሮጌ ቅጠሎች ሳይሆን ከግንዱ ጫፍ የሚወጡትን አዳዲሶቹን ነው፤ እነዚህ ንጹሕ ከሆኑ በሽታው ተገትቷል፣ የቀድሞዎቹ ምልክቶች ግን ቅጠሎቹ ደርቀው እስኪወድቁ ድረስ ይቆያሉ።