ለውትድርና በጤና ያላለፈ ወጣት፦ የመከላከያ በር አልተዘጋበትም

በአሜሪካ ከሚኖሩ ወጣቶቻችን መካከል ውትድርና ተመኝተው በጤና ምርመራ የሚቀሩ አሉ። ለምሳሌ ከ13 ዓመት ዕድሜ በኋላ አስም የነበረበት ሰው ልዩ ፈቃድ ካላገኘ አያልፍም። ብዙዎቹም በዚያው ተስፋ ይቆርጣሉ። ነገር ግን ሌላ መንገድ አለ።

የአሜሪካ መከላከያ መሥሪያ ቤት ከወታደሩ ሌላ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሲቪል ሠራተኞች አሉት። ሒሳብ ሠራተኛ፣ ነርስ፣ መሐንዲስ፣ መካኒክ፣ የኮምፒውተር ባለሙያና የመጋዘን ሠራተኛ ይቀጥራል። እንደ እሳት አደጋ ሠራተኛ ያሉ ሥራዎች የራሳቸው የጤና መስፈርት ቢኖራቸውም፣ የወታደሩ መስፈርት ሲቪሉን አይመለከትም። ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ለሚኖሩ ወገኖቻችን ደግሞ ሥራው ደጃፋቸው ላይ ነው፤ ፔንታጎን ራሱ የሚገኘው በቨርጂኒያ አርሊንግተን ነው።

ታዲያ ከየት ይጀመራል?

አንደኛ፦ ክፍት ቦታዎች የሚወጡት ዩኤስኤጆብስ በተባለው የመንግሥት ድረ ገጽ ነው። ማመልከት በነፃ ነው፤ «ገንዘብ ክፈልና አስቀጥርሃለሁ» የሚልን ሰው አትመኑ።

ሁለተኛ፦ አብዛኛው ቦታ የአሜሪካ ዜግነት ይጠይቃል። ግሪን ካርድ ብቻውን አይበቃም።

ሦስተኛ፦ ከ1959 በኋላ የተወለደ ወንድ በሰሌክቲቭ ሰርቪስ መመዝገቡን ያረጋግጥ። «በጤና ስለወደቅኩ አይመለከተኝም» ማለት ስህተት ነው። ሳይመዘገብ 26 ዓመት የሞላው ሰው የፌዴራል ሥራ ሊከለከል ይችላል።

አራተኛ፦ ከባድ የአካል ጉዳት ወይም የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው «ስኬጁል ኤ» በሚባለው አሠራር ያለ ውድድር ሊቀጠር ይችላል። የማረጋገጫ ደብዳቤ ያስፈልገዋል። በጤና የወደቀ ሁሉ ግን በዚህ አይገባም።

አምስተኛ፦ ምስጢር የሚያዝባቸው ሥራዎች ላይ የጀርባ ታሪክ ይጣራል። አገር ቤት ወይም ዐረብ አገር ቤተሰብ መኖሩ ብቻውን ሰውን አይጥልም፤ መደበቁ ግን ይጥላል። ፎርሙን በእውነት ሙሉ።

ሒጃብና የጁሙዓ ሶላት የሚያሳስባቸው እህትና ወንድሞችም አሉ። የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ የፌዴራል ሠራተኞችንም ስለሚጠብቅ፣ ቀጣሪው ከባድ ችግር ካልገጠመው በቀር ሁኔታዎችን ማመቻቸት አለበት።

በመስጂዶቻችን ያሉ ልምድ ያላቸው ወገኖች የአንድ ወጣት የሥራ ማመልከቻ አብረውት ቢያዩለት ትልቅ ውለታ ነው። ከምርመራ ክፍል አንገቱን ደፍቶ የወጣውን ልጅ ቀና የሚያደርገው እንዲህ ያለ እገዛ ነው።