የአየር ንብረት ጉዳይ ከምድጃው ዳር

በ2020 ዓ.ም. አዲስ አበባ የዓለም የአየር ንብረት ጉባኤን፣ ኮፕ 32ን፣ ታስተናግዳለች። ዜናው ከተሰማ ወዲህ ስለ አየር ንብረት ሲወራ የሚነሳው የሕዳሴ ግድቡ፣ የኤሌክትሪክ መኪናውና ችግኙ ነው። ሦስቱም ሊነሱ ይገባል። ነገር ግን በኢትዮጵያ ቤቶች ከሚነደው ኃይል ትልቁን ድርሻ የሚወስደው እንጀራ መጋገር ነው፤ ምጣዱ ላይ የምትቆመው ደግሞ ሴት ናት። ጣና ዳር የሚኖር ሰው ይህን ለማወቅ ጥናት አያስፈልገውም።

በ2004 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ ነገሩን አልሳተውም። ቅድሚያ ከሰጣቸው አራት ሥራዎች አንዱ የገጠር ምድጃ ነበር። ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመረቀ፤ የነዳጅ መኪና ማስገባትም በ2016 ታገደ። ምድጃው ግን የሚገባውን ያህል ጠበቃ አላገኘም።

ማገዶ ባጠረበት በደምቢያና በፎገራ ሜዳ የሚነደው ኩበት ነው። እናቶች እበቱን ከጭድ ጋር ለውሰው ይጠፈጥፉታል፣ ያደርቁታል፣ ይከምሩታል። ማሳ ሊያዳብር የሚችለው ሁሉ ጢስ ሆኖ ይቀራል፤ ጢሱን የምትውጠውም ያችው ጋጋሪ ናት። «ምርጥ» የሚባለው የእንጀራ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን እስከ ግማሽ ይቀንሳል። ሲሚንቶው ከቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ጋር ተለውሶ በብረት ቅርጽ ማውጫ ይጠቀጠቃል፣ ውሃ እየጠጣ ይጠነክራል፤ ክፍሎቹ ሲገጠሙ ምጣዱን ዙሪያውን ያቅፉታል፣ በኋላ በኩል በሚወጣው ሙቀትም ወጥ ይጣድበታል። ከአምራቾቹ መካከል በማኅበር የተደራጁ ሴቶች አሉ። ለእኔ የአየር ንብረት ባለሙያ ማለት እነዚህም ናቸው።

ክርክሩ የሚነሳው ገንዘቡ ላይ ነው። የውጭ ኩባንያዎች ምድጃ አድለው የካርቦን ክሬዲት ይሸጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2024 የበርክሌይ ተመራማሪዎች በተለያዩ አገሮች ያሉ የምድጃ ፕሮጀክቶችን መርምረው ክሬዲቱ በአማካይ ከ9 እጥፍ በላይ የተጋነነ መሆኑን አሳይተዋል። አንዱ ምክንያት ቀላል ነው፤ አዲሱ ምድጃ ቤት ስለገባ ጉልቻው አይፈርስም። ድግስ ሲመጣ፣ ትልቅ ድስት ሲጣድ፣ ምድጃው ሲሰነጠቅ ወደ ጉልቻው መመለስ አለ። ይህን ጋጋሪዋ አስቀድማ ታውቃለች። ቆጠራው እሷን ጠይቆ ቢጀምር ኖሮ ቁጥሩ ይህን ያህል ባላበጠ ነበር።

ስለ ጣና ሐይቅም ብዙ ተጽፏል። እምቦጭ አረም ከታየበት ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ የዳርቻው ሴቶች ከወንዶቹ ጋር ውሃ ውስጥ ገብተው በእጃቸው ነቅለዋል። ደንገል ሲመናመን የነገደ ወይጦ ሴቶች የስፌት ገቢም አብሮ ይመናመናል። ችግኝን በተመለከተ ደግሞ በአማራ ክልል ከ1995 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የመሬት ይዞታ ደብተር ላይ ባልና ሚስት በጋራ መመዝገባቸው ከብዙ ዘመቻ ይበልጣል ባይ ነኝ፤ ዛፍ ዓመታት ስለሚፈልግ የምትተክለው ሴት መሬቱ ነገም የእሷ መሆኑን ማወቅ አለባት።

በሐይቁ ዳርቻ ያለችው ባሕር ዳር የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዋን ከተከለች ከስድሳ ዓመት በላይ ሆኗል፤ ዛሬ ኢንዱስትሪ ፓርክም አላት። ሠራተኛዋ ከፈረቃ ስትወጣ የምትገባው ኪራይ ቤት ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ስለሚፈልግ፣ ቆጣሪው የጋራ በሆነበት ግቢ አከራዩ ብዙ ጊዜ ይከለክላል፤ እሷም ከሰል ታቀጣጥላለች ወይም እንጀራ ትገዛለች። ዓባይ ከጣና ከሚወጣበት ከተማ ለጉባኤው የሚላክ ጥያቄ ካለ፣ ለእያንዳንዱ ተከራይ የራሱ ቆጣሪ መቼ ይገባል የሚለው ይቅደም።