የአናሎግ የሙዚቃ መሣሪያዎችና የቆዩ የድምፅ ቅጂዎች ዳግም ተፈላጊ ሆነዋል

ከዓመታት በፊት የተሠሩ የአናሎግ የሙዚቃ መሣሪያዎችና በእነርሱ የተቀረጹ ሥራዎች ዳግም ተፈላጊ መሆናቸው፣ የቆዩ የድምፅ ቅጂዎችን ጠብቆ የማቆየትን አስፈላጊነት የሚያመለክት ነው።

ከመሣሪያዎቹ አንዱ ቮኮደር ነው። ቮኮደር የሰውን ድምፅ በተለያዩ የድግግሞሽ ክልሎች ከፋፍሎ የእያንዳንዱን ጥንካሬ ይለካል፤ ልኬቱንም በኪቦርድ ድምፅ ላይ በማሳረፍ መሣሪያው የሚናገር ያስመስለዋል። የአሜሪካው ሙግ ኩባንያ በ1970ዎቹ የሠራውን ባለ16 ቻናል ቮኮደር እ.ኤ.አ. በ2020 ዳግም ለሙዚቀኞች አቅርቧል።

በአገራችን ለዚህ ቅርብ የሆነው የአርቲስት ኃይሉ መርጊያ ታሪክ ነው። አርቲስቱ የተወለዱት ከአንኮበር 40 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው ደብረ ብርሃን እ.ኤ.አ. በ1946 ነው። በአዲስ አበባ ሒልተን ሆቴል ይጫወት በነበረው የዋልያስ ባንድ ውስጥ ሠርተዋል። ባንዱ እ.ኤ.አ. በ1981 ወደ አሜሪካ ከተጓዘ በኋላ በዋሽንግተን ኖሩ። በዚያም እ.ኤ.አ. በ1985 አኮርዲዮንን ከሙግ ሲንተሳይዘር፣ ከሮድስ ኤሌክትሪክ ፒያኖና ከሪትም ማሽን ጋር በማቀናጀት ብቻቸውን አንድ ካሴት ቀረጹ። ከዚያም ለረጅም ጊዜ ከመድረክ ርቀው በታክሲ ሹፌርነት ሠርተዋል።

የካሴቱ አንድ ቅጂ በባሕር ዳር ከተማ ብራያን ሺምኮቪትዝ በተባሉ አሜሪካዊ አሳታሚ እጅ ገባ። አሳታሚው አርቲስቱን አፈላልገው በማግኘትና በመስማማት ሥራውን እ.ኤ.አ. በ2013 ዳግም አሳተሙት። አርቲስት ኃይሉም ወደ ዓለም አቀፍ መድረክ ተመልሰው እ.ኤ.አ. በ2018 «ላላ በሉ» የተሰኘ አዲስ አልበም አቅርበዋል።

ይሁንና ሁሉም ካሴት ይህ ዕድል አይገጥመውም። ድምፁን የሚይዘው የካሴት ክር ማግኔታዊ ቅብ በሙቀትና በእርጥበት ይጎዳል። ከቅጂ ላይ ሌላ ቅጂ በተወሰደ ቁጥርም የድምፁ ጥራት ይቀንሳል። በመሆኑም ማስተር ክሮችን በደረቅና ቀዝቃዛ ሥፍራ ማኖርና ሳይበላሹ ወደ ዲጂታል መገልበጥ ያስፈልጋል።

ሌላው ጉዳይ የባለመብቱ ማንነት ነው። በአዋጅ ቁጥር 872/2007 የተሻሻለው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለከዋኞችና ለድምፅ ሪከርዲንግ ፕሮዲዩሰሮች የ50 ዓመት ጥበቃ ይሰጣል። ጥበቃው ተግባራዊ የሚሆነው ግን ባለመብቱ ሲታወቅ ነው። በመሆኑም የድምፅ ቅጂ የያዙ የባህል ቢሮዎች፣ ቤተ መዛግብትና የብሮድካስት ተቋማት ከክሩ ጋር የከዋኙን፣ የአቀናባሪውንና የአሳታሚውን ስም እንዲሁም የቀረጻውን ዘመን መዝግበው ሊይዙ ይገባል። ክሩ ተርፎ ባለቤቱ ካልታወቀ፣ ሥራው ዳግም ለገበያ ሲቀርብ የሚገባውን ጥቅም የሚያገኝ ባለሙያ አይኖርም።