ማሞቂያ ለሌለው ትንሽ አኳሪየም ዓሣ ስለመምረጥ

ከዓመታት በፊት በቢሮዬ በነበረ 40 ሊትር በሚይዝ አኳሪየም ውስጥ ሁለት ጎልድፊሽና ስድስት ኒዮን ቴትራ አብሬ አኖርሁ። በክረምቱ ኒዮኖቹ አንድ በአንድ አለቁ። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ የመረጥኋቸው በመልካቸው እንጂ በመጡበት ውሃ አልነበረም።

የአብዛኞቹ ዓሦች የሰውነት ሙቀት የሚወሰነው በከበባቸው ውሃ ነው። ማሞቂያ ከሌለ ውሃው የክፍሉን ሙቀት ይከተላል፤ የአዲስ አበባ ሌሊት ደግሞ ብርዳም ነው። ኒዮን ቴትራ የአማዞን ተፋሰስ ተወላጅ በመሆኑ ይህን አይችልም። ጎልድፊሽ ብርዱን ይችላል፤ ነገር ግን ከ20 ሴንቲ ሜትር በላይ ሊያድግ ይችላል፣ አፉ የሚበቃውን ትንሽ ዓሣ ይውጣል፣ ቆሻሻውም ብዙ ስለሆነ በጥቂት ውሃ ውስጥ አሞኒያ በፍጥነት ይከማቻል። ስለዚህ ብርድ መቻል ብቻውን ለአብሮ መኖር አያበቃም።

ዛሬ የምመርጠው በደቡብ ቻይና በባይዩን ተራራ የተገኘውን ታኒክቲስ አልቦኑቤስ ነው። ርዝመቱ 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን ከ16 እስከ 22 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይስማማዋል። በመንጋ የሚኖር ነውና ከስድስት ባያንስ ይመረጣል፤ ብቻውን ሲቀር ይደበቃል፣ ቀለሙም ይደበዝዛል። ዜብራ ዳኒዮም አብሮት ይኖራል፤ ሆኖም ፈጣን ዋናተኛ ስለሆነ ረዘም ያለ ገንዳ ይሻል።

ጎልድፊሾቹን በግቢው ሰፊ ኩሬ ላለው ወዳጄ ሰጠኋቸው።