ሽፋኑ ማንን ይጠራል?

አንባቢ ሆይ፣ የሙዚቃ መጽሔት ከመነበቡ በፊት ይታያልና ሽፋኑን የሚያሰናዳው ሰው አስቀድሞ የሚያስበው ስለ እርስዎ ነው። ሮሊንግ ስቶን የተባለው መጽሔት እ.ኤ.አ. በኅዳር 1967 በሳን ፍራንሲስኮ ሲወጣ እንደ ዕለት ጋዜጣ በተራ ወረቀት ታትሞ ጆን ሌነንን የብረት ቆብ እንደ ደፋ አቀረበ። ወጣቱ ሙዚቃው እንደ ቁም ነገር የተቆጠረለት ሳይመስለው አልቀረም።

በአገራችን ይህን ሥራ የሠራው የሸክላ ሽፋን ነው። ሸክላ ማሳተም ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተፈቀደ በነበረበት ዘመን፣ ወጣቱ አምሃ እሸቴ እስራት ሊያመጣበት እንደሚችል እያወቀ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ ሪከርድስን አቋቋመ፤ የዓለማየሁ እሸቴንም ዘፈን አወጣ። በብዙዎቹ ሸክላዎች ላይ ስሙ በግዕዝም በላቲንም ፊደል ይነበባል፤ አንዱ ለአገሬው፣ ሁለተኛው ለውጭው ሰው መሆኑ ነው። ሠላሳ ዓመት ሊሞላ ሲል ፍራንሲስ ፋልሴቶ በፓሪስ ኢትዮፒክስ የተባለውን ተከታታይ ሲያሳትም የድሮዎቹን ፎቶግራፎች በሽፋን ላይ አወጣ። ያን ጊዜ የአዲስ አበባን ወጣት በዘመናዊነቱ የጠራው ፊት አሁን ፈረንጁን በትዝታ ጠራው።

አዋሽ ወይም ሰመራ ያሉ እንደሆነ ጉዳዩ ሌላ መልክ አለው። ሽፋኑ ዛሬ በስልክ መስተዋት ላይ ከአውራ ጣት ጥፍር ጥቂት ይበልጣል። አፋርኛ ደግሞ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው። በባቡር መንገድ ላይ በተቆረቆረችው አዋሽም ሆነ በሰመራ ዩኒቨርሲቲ ከየአገሩ የመጣ ሰው ስላለ፣ የአፋሩ ዘፋኝ ስም በአንድ ፊደል ብቻ ቢወጣ ብዙው ሳያውቀው ያልፋል። ሁለቱንም ማስገባት ቦታ ያጣብባል፤ እኔ ግን ከኋላ የሚደረደረውን ግመልና በረሃ ቀንሼ ፊደሉን አስገባ ነበር። ግመሉንማ ሰመራ ያለ ሰው በመስኮቱ ያየዋል።