የግቢ አጥር ኮንክሪት ለምን ይላጣል? በራስ እጅስ እንዴት ይጠገናል?

የክረምቱ ዝናብ አባርቶ የመስከረም ፀሐይ ስትወጣ በአዲስ አበባ መንደሮች ውስጥ የሚዘዋወር ሰው ዓይኑን ወደ ግቢ አጥሮች ቢያነሳ አንድ ተደጋጋሚ ምልክት ማየቱ አይቀርም። በብሎኬቱ መካከል የቆሙት የኮንክሪት ምሰሶዎች ጠርዛቸው ከላይ ወደ ታች በቀጭን መስመር ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁን ተከትሎ ቡናማ የዝገት እድፍ ይወርዳል፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ጠርዙ ተገንጥሎ ይወድቅና የዛገው ፌሮ እንደ ጎድን አጥንት አግጥጦ ይታያል። አብዛኛው የቤት ባለቤት ይህን ሲያይ ግንበኛ ጠርቶ በሲሚንቶ ያስለስነዋል። ልስኑም ሁለት ወይም ሦስት ክረምት ቆይቶ ይረግፋል።

በዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ወላጅ እናት ግቢ የሆነውም ይኸው ነበር። ግንበኛው ሥራውን ጨርሶ ሲያስረክብ «እማማ፣ ከእንግዲህ ይህን ነገር አያስቡት» ብሎ ነበር። በሦስተኛው ዓመት ሐምሌ ላይ የእጅ መዳፍ የሚያህል ቁራጭ ከምሰሶው ተላቆ የሰፈር ልጆች ኳስ ወደሚጫወቱበት መንገድ ወደቀ። ዕለቱ ዝናባማ ስለነበር በሥፍራው ማንም አልነበረም። ግንበኛው ሲሚንቶ አልቆጠበም፤ ሙያውም የሚታማ አልነበረም። ታዲያ የጎደለው ምን ነበር? ለዚህ ጥያቄ መልስ ለማግኘት ከመዶሻና ከመሮ በፊት ጥቂት ኬሚስትሪ ማንሳት ግድ ይላል።

ብረት በኮንክሪት ውስጥ

ብረትና ኮንክሪትን አዋሕዶ የመሥራት ጥበብ ታሪክ ከአትክልት ቦታ ጋር የተያያዘ ነው። ዦዜፍ ሞኒዬ የተባለ ፈረንሳዊ አትክልተኛ የሸክላ ማሰሮዎቹ እየተሰበሩ ስላስቸገሩት ከሲሚንቶና ከብረት ሽቦ የተሠሩ የአትክልት ማሰሮዎችን አበጅቶ እ.ኤ.አ. በ1867 የፈጠራ መብት አስመዘገበ። ኮንክሪት መጨመቅን በሚገባ ይችላል፤ መሳብን ግን አይችልም። ብረት የጎደለውን ይሞላለታል። ሁለቱ በሙቀት ምክንያት የሚለጠጡበት መጠን እጅግ ተቀራራቢ መሆኑም ሌላው መልካም አጋጣሚ ነው፤ ባይሆን ኖሮ የቀን ፀሐይና የሌሊት ብርድ ብቻ ይለያዩአቸው ነበር።

ይሁን እንጂ ከሁሉ የሚበልጠው ስጦታ የሚገኘው ከሲሚንቶው ነው። ሲሚንቶ ከውኃ ጋር ሲዋሐድ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ የተባለ ቤዝ ይፈጠራል። በመሆኑም በኮንክሪቱ ቀዳዳዎች ውስጥ የሚገኘው ውኃ ፒኤች ከ12.5 በላይ ይሆናል። በእንዲህ ያለ አካባቢ የሚገኝ ብረት ገጽታው በዓይን በማይታይ ስስ የኦክሳይድ ሽፋን ይለበጣል። ይህ ሽፋን እስካለ ድረስ እርጥበትና ኦክሲጅን ቢደርሱትም እንኳ ብረቱ ለዝገት አይበገርም ማለት ይቻላል።

ጠላቱ ሁላችንም የምንተነፍሰው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ጋዙ በጥቃቅን ቀዳዳዎች ሰርጎ ገብቶ ካልሲየም ሃይድሮክሳይዱን ወደ ካልሲየም ካርቦኔት፣ ማለትም ወደ ኖራ ድንጋይ ይለውጠዋል። የፒኤች መጠኑም ከ9 በታች ይወርዳል። ካርቦኔሽን በመባል የሚታወቀው ይህ ሂደት ኮንክሪቱን አያደክመውም፤ እንዲያውም በመጠኑ ያጠነክረዋል። የሚጎዳው ብረቱን ነው። የለውጡ ድንበር ፌሮው ዘንድ በደረሰ ጊዜ መከላከያው ሽፋን ይፈርሳል፤ እርጥበት ካገኘም ዝገት ይጀምራል። ዝገት ደግሞ ከተሠራበት ብረት ከሁለት እስከ ስድስት እጥፍ የሚደርስ ቦታ ይይዛል። ኮንክሪቱን ከውስጥ ገፍቶ የሚገነጥለው ይህ ግፊት ነው።

እዚህ ላይ የአጥሮቻችንን ዕጣ የሚወስን አንድ የሒሳብ ሕግ አለ። የካርቦኔሽን ጥልቀት የሚያድገው በግምት በዓመታቱ ብዛት ዳግም ዘር ልክ ነው። ለምሳሌ ያህል ድንበሩ በአንድ ምሰሶ ውስጥ 1 ሳንቲ ሜትር ለመግባት 10 ዓመት ቢፈጅበት፣ 2 ሳንቲ ሜትር ለመግባት 20 ሳይሆን 40 ዓመት ይፈጅበታል። በሌላ አነጋገር በፌሮው ላይ የሚጨመር አንዲት ሳንቲ ሜትር ሽፋን የምሰሶውን ዕድሜ በአራት እጥፍ ታራዝማለች። የአጥር ምሰሶ ግን «አጥር ነው» እየተባለ ስለሚናቅ ስታፋው ከጣውላው ጋር ተጣብቆ ሳለ ኮንክሪት ይፈስበታል። ከጣውላው የሚያርቀው ትንሽ የሲሚንቶ ቁራጭ ማስደገፍ የደቂቃዎች ሥራ ነበር።

የሐምራዊው ቀለም ምስክርነት

ፌኖልፍታሊን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ ያልተዋወቀው ተማሪ ጥቂት ነው። አንድ ግራም ያህሉ በ100 ሚሊ ሊትር የአልኮልና የውኃ ድብልቅ ውስጥ ሲሟሟ ለዚህ ሥራ የሚበቃ መመርመሪያ ይሆናል። ከምሰሶው ላይ አዲስ ስብራት ይወጣል፤ አቧራው በደንብ ይራገፋል፤ ከዚያም ፈሳሹ ይረጭበታል። የቤዝነት ጠባዩን ያልለቀቀው ኮንክሪት ወዲያው ደማቅ ሐምራዊ ይሆናል። ካርቦኔሽን ያጠቃው ክፍል ቀለሙን ሳይለውጥ ይቀራል።

በተጠቀሰው ምሰሶ ላይ ይህ ሲደረግ ከገጹ እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ድረስ ምንም ቀለም አልታየም። ስታፋው የሚገኘው ደግሞ ገና 1 ሳንቲ ሜትር ላይ ነበር። የግንበኛውም እንቆቅልሽ በዚሁ ተፈታ። እርሱ አዲሱን ልስን የለጠፈው በፌሮው ፊት ለፊት ብቻ ነው። የፌሮው ጀርባ ቤዝነቱን ባጣው አሮጌ ኮንክሪት ውስጥ እንደተቀበረ ቀርቷል፤ የቀድሞው ዝገትም አልተፋቀም። ስለዚህ ዝገቱ ከጀርባ ሥራውን ቀጥሎ አዲሱን ልስን ገፍቶ ጣለው።

ከመዶሻው በፊት

ጥገናው ከመጀመሩ በፊት ሕመሙ ይኸው መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። በልስን ላይ እንደ ሸረሪት ድር የሚታዩ የፀጉር ያህል ስንጥቆች ልስኑ ሲደርቅ በመኮማተሩ የመጡ ስለሆኑ አያሰጉም። የብሎኬቱን መጋጠሚያ ተከትለው እንደ ደረጃ በሰያፍ የሚወጡ ስንጥቆች ግን ምንጫቸው ከመሠረቱ ሥር ነው።

በአዲስ አበባ ደቡባዊና ምሥራቃዊ ክፍሎች በብዛት የሚገኘው ጥቁር አፈር፣ መረሬ ወይም ኮትቻ የምንለው፣ ውኃ ሲያገኝ የሚያብጥና ሲደርቅ የሚኮማተር የሸክላ ማዕድን በብዛት ይዟል። አጥሩ በክረምት ይነሳል፤ በበጋ ይወርዳል። በበጋ የሰፋውን ስንጥቅ በጠንካራ ሲሚንቶ የሚደፍን ሰው በክረምት አፈሩ ሲያብጥ ሌላ ስንጥቅ በአጠገቡ እንዲወለድ ያደርጋል። መፍትሔው የጣራን ውኃ ከአጥሩ ሥር ማራቅ፣ እንደ ባሕር ዛፍ ያለ ውኃ መጣጭ ዛፍንም በአጥር ጥግ አለመትከል ነው። በስንጥቁ ጫፍ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጎ ቀኑን መጻፍና ከወራት በኋላ ተመልሶ ማየት ስንጥቁ የሚንቀሳቀስ መሆን አለመሆኑን ያሳያል።

ቱንቢ ሲጣል ያዘነበለ አጥር፣ ወይም በአንድ ወገኑ ከፍ ያለ አፈር ተሸክሞ የሆዱ መሐል ወደ ውጭ የተነፋ ግንብ፣ በራስ እጅ የሚጠገን አይደለም። እንዲህ ያለው ግንብ በክረምት፣ አፈሩ ውኃ ጠጥቶ በከበደበት ሰዓት፣ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊወድቅ ይችላል። ሰዎችን ከሥሩ ማራቅና መሐንዲስ መጥራት ይገባል። ከዚህ በታች የተጻፈው ቀጥ ብሎ ለቆመ፣ የራሱን ክብደት ብቻ ለሚሸከም የአጥር ምሰሶ ነው።

ሥራው

ሥራውን ከመስከረም ማብቂያ በኋላ መጀመር ይመረጣል፤ ዝናቡ አይጋፋም፣ ፀሐዩም እንደ የካቲት አይፋጅም። መሮ፣ መዶሻ፣ የሽቦ ብሩሽ፣ የግንበኛ ማንኪያ፣ የዓይን መነጽር፣ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ፣ የጎማ ጓንት ይበቃል። የኋለኞቹ ሦስቱ ለጌጥ አይደሉም። የኮንክሪት አቧራ ሳንባን ይጎዳል፤ እርጥብ ሲሚንቶም ቆዳን ያቃጥላል፣ ዓይን ውስጥ ከገባ ደግሞ ወዲያውኑ በብዙ ውኃ ታጥቦ ወደ ሐኪም ያስኬዳል። በአጥሩ አናት ላይ የጠርሙስ ስባሪ ከተሰካም አስቀድሞ ይነቀል። በነገራችን ላይ ጠርሙሱ ሌባን ከሚከለክለው ይልቅ በየሥሩ ለውኃ የሚከፍተው መንገድ ይበልጣል፤ መስታወት ራሱም ከሲሚንቶው አልካሊ ጋር ቀስ በቀስ የሚዋሐድና የሚያብጥ ነገር ነው።

ምሰሶው በመዶሻ ዳር ቀስ እየተባለ ይመታል። ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ሁሉ የተላቀቀ ስለሆነ ይወገዳል። ከዚያም ዝገት በሚታይበት ርዝመት ሁሉ፣ ከዚያም በጥቂቱ አልፎ፣ ከፌሮው ጀርባ ጣት የሚያስገባ ክፍተት እስኪፈጠር ድረስ ይቦረቦራል። ከሥራው ሁሉ አድካሚው ይህ ነው፤ ሰው ሁሉ የሚዘለውም ይህንኑ ነው። አንዱ ወገን ተጠግኖ እስኪጠነክር ድረስ ሌላው ወገን አይነካም። የጉድጓዱ ጠርዝ እንደ ሰሐን ከንፈር መሳሳት የለበትም፤ በመሮ ቀጥ ተደርጎ ቢያንስ 1 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ይሰጠዋል፤ ስስ ጠርዝ ቶሎ ደርቆ ይነሳልና። ፌሮው በሽቦ ብሩሽ ዙሪያውን ተፍቆ ወደ ብረት ቀለሙ ይመለሳል። በግልጽ ከቀጠነ ከጎኑ አዲስ ፌሮ ይታሰርለታል። አዲሱ ፌሮ ከተጎዳው ቦታ በላይም በታችም የራሱን ውፍረት 40 እጥፍ ያህል መደረብ አለበት፤ ባለ 8 ሚሊ ሜትር ፌሮ ከሆነ በየወገኑ 32 ሳንቲ ሜትር ማለት ነው።

አሸዋው ንጹሕ መሆኑን ለማወቅ ቀላል ሙከራ አለ። በጠርሙስ ውስጥ ከውኃ ጋር ተበጥብጦ ለጥቂት ሰዓታት ሲቀመጥ ከአሸዋው በላይ የጭቃ ንጣፍ ይረጋል። ንጣፉ ከአሸዋው ቁመት ጋር ሲነጻጸር ከ100 እጅ ከ6 እጅ በላይ ከሆነ አሸዋው መታጠብ አለበት። አንድ ስፍር ሲሚንቶ ከሦስት ስፍር አሸዋ ጋር በደረቁ ይቀላቀላል። ውኃው ከሲሚንቶው ክብደት ግማሽ ማለፍ የለበትም፤ ለ10 ኪሎ ሲሚንቶ ከ4 እስከ 5 ሊትር ያህል ነው፤ አሸዋው እርጥብ ከሆነ ከዚያም ያነሰ። ሲሚንቶ ለኬሚካዊ ውሕደቱ የሚፈልገው ውኃ የክብደቱን ሩብ ያህል ነው። የተረፈው ለማላላት የሚገባ ሲሆን፣ በኋላ ተንኖ ሲወጣ ቀዳዳ ትቶ ይሄዳል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድም የሚገባው በዚያው ቀዳዳ ነው። ድብልቁ በእጅ ሲጨበጥ ቅርጹን ከያዘና መዳፍን ካረጠበ ልክ ነው። ከአንድ ሰዓት በላይ የቆየውን ውኃ ጨምሮ ማላላት ልማድ ቢሆንም ጎጂ ልማድ ነው።

አሮጌው ኮንክሪት ደረቅ ሆኖ ከተተወ የአዲሱን ውኃ ይመጠዋል። ስለሆነም ከዋዜማው ጀምሮ ውኃ ይጠጣል፤ በሥራው ሰዓት ግን ገጹ እርጥብ እንጂ ውኃ የቋጠረ መሆን የለበትም። ቀጭን የሲሚንቶ ሊጥ በብሩሽ ይቀባል፤ ሊጡ ሳይደርቅም ድብልቁ ከፌሮው ጀርባ ጀምሮ በኃይል እየተጠቀጠቀ ይሞላል። ጥልቅ ከሆነ በ2 ሳንቲ ሜትር ድርብ፣ እያንዳንዱን ድርብ እየጫጫሩ ይሠራል። በመጨረሻ ፌሮው ቢያንስ 2 ሳንቲ ሜትር ሽፋን ማግኘት ይገባዋል፤ ለዚህ ሲባል ምሰሶው ከቀድሞው በመጠኑ ወፍሮ ቢወጣ መልኩን እንጂ ዕድሜውን አይጎዳም።

የቀረው ውኃ ማጠጣት ነው። ሲሚንቶ የሚጠነክረው በመድረቅ ሳይሆን ከውኃ ጋር በመዋሐድ ነው፤ ውኃ ሲያልቅበት ውሕደቱም ይቆማል። እርጥብ ጆንያ ተጠቅልሎበት በላዩ ላስቲክ ይሸፈናል፤ ጠዋትና ማታም ይረጫል። ለተራ ፖርትላንድ ሲሚንቶ 7 ቀን ይበቃል። በገበያችን በብዛት የሚገኘው የእሳተ ገሞራ አመድ የተቀላቀለበት ፖዞላና ሲሚንቶ ግን ዘግይቶ ስለሚጠነክር 14 ቀን ቢሰጠው ይመረጣል። በመጨረሻም የአጥሩ አናት ውኃ እንዲያንሸራትት ተዳፋት ተደርጎ ይለሰናል፤ ጠርዙም ከግድግዳው ትንሽ ወጣ ብሎ ከሥሩ ጠብታ የሚቆርጥ ቦይ ይበጅለታል።

በእናቴ ግቢ ጆንያውን የማርጠቡን ኃላፊነት የወሰዱት እርሳቸው ራሳቸው ነበሩ። 14ኛው ቀን አልፎም «ይህች ብቻ ትጨመር» እያሉ ቀጥለውበት ነበር። ከቤተ ሙከራ የመጣው ፌኖልፍታሊን ስለተረፈ በቀሩት ሰባት ምሰሶዎች ላይ ተሞከረ። በአምስቱ ሐምራዊው ቀለም ከስታፋው በፊት ታየ። መንገዱን በሚያዋስኑት በሁለቱ ግን ድንበሩ ስታፋው ጋ ደርሷል፤ ስንጥቅ ገና አልታየባቸውም። በላያቸው በኖራ ቁጥር ተጽፎባቸው የሚቀጥለውን ጥቅምት ይጠባበቃሉ።